ሁለት ዘጠኝ የያዝኩ ዕለት

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤ ይህን የጡረታ መሸኛ ዝግጅት ላሰናዳችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። አለቃችን «ንግግርህን አሳጥረው» ብለውኛል። ዕድሜ ልኬን በሰዓት ስነዳ ኖሬ ዛሬ ትንሽ ብዘገይ ምን አለበት?

ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ድሮ የአውቶቡስ መስመር የምንከፋፈለው ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ፖከር የሚሉትን የካርታ ቁማር ተጫውተን ነበር። መወራረጃችን አሮጌ ብሎን ነው። ብዙ ብሎን የሰበሰበ የሳምንቱን መስመር ቀድሞ ይመርጣል። አለቃችን፣ አይቆጡ፤ እርስዎ ያኔ አልመጡም!

አንድ ዓርብ ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝታለች። ፈቃዴን ጨርሻለሁ። የሆስፒታሉን መስመር ካገኘሁ በየምልልሱ ገብቼ አያታለሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ከምለምን ሞቴን እመርጣለሁ፤ ግትርነቴን ታውቁታላችሁ።

በመጨረሻው ዙር ሌሎቹ ወጥተው ከጎፈሬው ጋር ተፋጠጥን። ጎፈሬው ያ ጥግ ላይ የተቀመጠው ነው፤ ጎፈሬው ሄዶ ስሙ ብቻ ቀርቶለታል። እኔ ሁለት ዘጠኝ ይዣለሁ። ሁለት ዘጠኝ ምኑ ይታመናል? እሱ ብሎኑን ወደ መሐል ገፋ።

ልጣል? ልጨምር? ብጥል ሁለተኛ መራጭ ሆኜ ቅርብ መስመር እይዛለሁ፤ ማታ ማታ እንኳ ሮጬ እደርስባታለሁ። ጨምሬ ከተሸነፍኩ ብሎኔ አልቆ መጨረሻ መራጭ እሆንና ከከተማ ውጭ እመደባለሁ፤ ጭራሽ አላያትም።

ጎፈሬው የማይረባ ካርታ ይዞ ሲያስፈራራ ሁልጊዜ ጆሮውን ያካል። ቀና ስል ጆሮውን ያካል! «ይሄ ቀጣፊ!» አልኩና ያለኝን ብሎን ሁሉ ገፋሁት።

«አይ፣ የኔስ አይረባም» ብሎ ካርታውን ደፋ። «ቀንቶሃል፣ ወንድሜ።»

ካርታውን ስሰበስብ የሱን ገለጥ አደረግኩት። ሦስት ንጉሥ! የኔን ሁለት ዘጠኝ እጥፍ አድርጎ የሚያሸንፍ! ለካ ጋራዡ ሁሉ ጭንቀቴን ያውቅ ኖሯል። ጎፈሬው ዝም ብሎ ቢጥል እንደምጠረጥር ገብቶታል፤ እንድደፍር አውቆ ነው ጆሮውን ያከከው። እንባዬ መጣ፤ ካርታውን ቀላቀልኩት።

ያን ሳምንት በየምልልሱ ገባሁ፣ ወጣሁ። አንዴ ፀጉሯን ሳበጥርላት ዘገየሁና ተሳፋሪው ጮኸብኝ፤ ይጩህ! ቅዳሜ ዐረፈች። እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

ጎፈሬው፣ ይህን ሁሉ ዘመን አፌ ተሳስሮ አላመሰገንኩህም። ዛሬ በሰው ፊት አመሰግንሃለሁ። አታቀርቅር፣ ቀና በል እንጂ!

እናንተም ፍሬናችሁ አይክዳችሁ፣ ወጥታችሁ በሰላም ግቡ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ክፉ ቀን አይምጣባችሁ። ከመጣም፣ ሳትለምኑት የሚደርስላችሁ ባልደረባ አይጥፋ።