አባዬ ያረመው ጽሑፍ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር። ጡረታ ወጥቶ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እኔ ጋ ሲገባ ቀኑ አልመሽ አለው። ማንም በነፃ የሚጠቀምበትና የሚያሻሽለው አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ፤ እኔ የአማርኛ መመሪያውን የፊደል ስህተት በትርፍ ጊዜዬ አርማለሁ። "አባዬ፣ ለምን አብረን አንሠራም?" አልኩት። ደስ አለው። አትሜ አመጣለታለሁ፣ በቀይ እስክሪብቶ ያርመዋል፣ እኔ ኮምፒዩተር ላይ አስገብቼ እልካለሁ። "ጽሑፍ በሐመሩ ሐ ነው አላልኩሽም?" እያለ ይቆጣኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ መልእክት ደረሰኝ። የመመሪያውን ሥራ የሚያስተባብረው ሰውዬ ነው። "እህቴ፣ ትክክለኛውን ቃል ለምን አበላሸሽው?" ይላል። ቤት ገብቼ ወረቀቱን አየሁ። አባዬ "ጽሑፍ" የሚለውን ሁሉ ሰርዞ "ጽፉሕ" ብሎታል። በእሱ ስለምተማመን ያረመውን ሳላስተውል እንዳለ ገልብጬ ነበር የላክሁት።

"አባዬ፣ ይሄ ምን ይላል?" አልኩት። መነፅሩን አስተካክሎ ብዙ አፈጠጠበት። "እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግሁት?" አለኝ። "አይ፣ ኮምፒዩተሩ ነው" ብዬ ዋሸሁት። አላመነኝም። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጥሞ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

ከዚያ ወዲህ ብቻዬን ነው የማርመው፤ እሱ አጠገቤ ይቀመጣል። ባለፈው እሁድ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን አየና "ምን እየሠራሽ ነው?" አለኝ።

"ፊደል እያረምኩ ነው፣ አባዬ።"

"ጎበዝ! ማን አስተማረሽ?"

"አንተ ነህ" ስለው እንደ ቀልድ ቆጥሮት ሳቀ።