ጥላውን አታጥፋው

አባቶቼ ካህናት፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። እናንተም ከካዛንቺስ ተነሥታችሁ በየአቅጣጫው የተበተናችሁ፣ ዛሬ ግን ታክሲ እየቀያየራችሁ እዚህ ቂርቆስ ደጅ የተገናኛችሁ የድሮ ጎረቤቶቼ። ከቄራ የመጣችሁ፣ ከሜክሲኮ የመጣችሁ። ብድራችሁን በደስታ የምንመልስ ያድርገን።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ቸሩ ነኝ፤ የሜቲ አጎት፣ የእናቷ የሙሉነሽ ታላቅ ወንድም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰው አስቆ የሚሰደበው ቸሩ። ዛሬም ከንግግሬ መሀል ቀልድ ቢያመልጠኝ ይቅር በሉኝ። ሌላ ማልቀሻ አላውቅም።

እህቴ የታቀፈችውን ፎቶ አይታችሁታል። ከድንኳኑ ጀምሮ ስታንሾካሹኩ ሰምቻለሁ። «የሞተችው ልጅቷ አይደለችም እንዴ? ፎቶው ላይ ያለችው እናትየዋ ናት እኮ!» ልክ ናችሁ። በቁም ያለ ሰው ፎቶ ታቅፎ ይለቀሳል እንዴ? የቆምኩት እሱን ልነግራችሁ ነው።

ሜቲን ካሜራ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። እኔን ማንም አላስተማረኝም፤ ያስተማረኝ ያበላሸሁት ፊልም ነው። ያችን አሮጌ የሩሲያ ካሜራዬን ስሰጣት አንድ ነገር ብቻ ነገርኳት። «ፀሐይ ከኋላሽ ትሁን።» የቀረውን ራሷ ደረሰችበት፤ ኋላም በደሞዟ ዲጂታል ካሜራ ገዛች። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መስቀል ፍላወር፣ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ትቀበላለች። እሑድ ግን ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እብስ ነው።

እትዬ ፀሐይቱ፣ ጓሯችን የነበረችውን ጨለማ ክፍል ያስታውሳሉ? አንድ እሑድ ሜቲ መስኮቷን በካርቶን ደፈነቻት። ካርቶኑን በሚስማር በሳችው። «ኑ ግቡ፣ በሩን ዝጉት» አለችን። ገባን። ዘጋነው። በቀዳዳዋ በገባው ብርሃን ግድግዳው ላይ ካዛንቺስ ተዘቅዝቃ ታየች! ሚኒባሱ ጎማው ወደ ላይ። ሰው በጭንቅላቱ ሲሄድ። እትዬ ፀሐይቱ አማተቡ።

«በስመ አብ! ይቺ ልጅ ሰፈሩን ምን አደረገችው?»

እኔ ዝም እላለሁ? «ገለበጠችው! ለእራት መልሳ ታቆመዋለች» አልኩ።

ሁላችን ሳቅን። ሜቲ ግን ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች፣ «ጋሼ፣ ቀዳዳዋ እኮ የሚስማር ናት። ሰፈሩ ሁሉ እንዴት ገባባት?» አለችኝ። ዛሬ ክፍሏም የለች። ሰፈሩም የለ። የጠየቀችኝም የለች።

ወንድሜ ጅብሪል፣ ቄራ ሥጋ ቤትህ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ማን ነው ያነሣህ? አትደበቅ፣ አይቼሃለሁ። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ ቢላውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ እንደ ጄኔራል ቆመላት። «ሦስት ስል ነው» አለችው። «አንድ፣ ሁለት»፣ ቀጭ! አነሣችው።

«ሦስትስ? የታል ሦስት?»

«ሦስት ላይ ሰው ፊቱን ይቀይራል። ሁለት ላይ ገና ራሱን ነው» አለችው።

«አጭበርባሪ!»

ፎቶው ላይ ጅብሪል ሆዱን ሊያስገባ ገና ሲያስብ ነው የተያዘው። ተሳደበ፤ ከዚያ አሳድጎ አሳትሞ ሰቀለው። እናንተንስ ስንቶቻችሁን ሁለት ላይ ያዘቻችሁ?

ጥፋት የላትም እንዳልላችሁ፣ አንድ ነበረባት። ፀሐይ ሁልጊዜ ከኋላዋ ስለሆነች፣ ጥላዋ ሁልጊዜ ከፊቷ ይወድቃል። ሜክሲኮ የታክሲ ረዳት ስታነሣ፣ ጥላዋ እግሩ ሥር። ሠርግ ስትጠራ፣ ጥላዋ ቬሎው ላይ። እኔ ደግሞ አለቃትም። «ይቺ ጥቁር ሴትዮ ማናት? ሳትጠራ በየፎቶው የምትገባ!»

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዉኝ!»

አንድ ቀን ግን ጎረቤቶች ስታነሣ ቀልዱን ትቼ አሳየኋት። «እዚህ ጋ ፈቀቅ በይ፣ ጥላሽ ይወጣል።» ፈቀቅ አለች። ጥላው ወጣ። አነሣች። ፎቶውን ቆም ብላ አየችው። ከዚያ ተመልሳ እዚያው የነበረችበት ቆመች።

«ምነው? አላማረም?» አልኳት።

«አምሯል ጋሼ። ግን ብቻቸውን ሆኑ» አለችኝ።

ያን ቀን አልገባኝም። የገባኝ ትናንት ነው።

ታማ ተኝታ ሕመሙ ሲጠናባት፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ካሜራዋን አነሣሁ። «አንዴ ላንሳሽ» አልኳት። «ፀጉሬን ሳልሠራ? ልዳንና ጋሼ። ስድን ያነሡኛል።» ካሜራውን አስቀመጥኩት። ምን ላድርግ? «ልዳንና» ላለ ሰው፣ «አይ፣ አሁን ነው» ይባላል?

ትናንት ንጋት ላይ አረፈች። ሙሉነሽ ከለቅሶዋ መሀል ቀና ብላ አንድ ነገር ለመነችኝ። «ወንድምዓለም፣ የልጄን ፎቶ አምጣልኝ። ምን ታቅፌ ላልቅስ?» የመታወቂያዋን አመጣሁላት። ገፋችው። «ይቺ ማናት? ልጄ እንዲህ አፍጥጣ አታውቅም።» ስልኳን በረበርን። ካሜራዋን በረበርን። ሁላችሁም አላችሁ። እትዬ ፀሐይቱ አሉ። ጅብሪል አለ። የሜክሲኮ ረዳቶች ሳይቀሩ አሉ። ሜቲ የለችም። የሁሉን ሰው ፊት ስትሰበስብ የራሷን ረሳችው።

በመጨረሻ ይሄን አገኘሁ። ቤታችን ሊፈርስ፣ ዕቃ የጫነው መኪና በር ላይ ቆሞ እያለ ያነሣችው ነው። ሙሉነሽ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላለች። ስታለቅስ ነበር፤ ሜቲ ምን እንዳለቻት እንጃ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እያለ ስቃለች። አሁን ወደ ታች እዩ። ያ ጥላ፣ ያ ያሾፍኩበት ጥላ፣ በደጁ ላይ ረዝሞ መጥቶ ራሱን እናቱ ጭን ላይ አሳርፏል። እንደ ሕፃን።

ይዤው ፎቶ ወደሚያትመው ወደ ሁዘይፋ ሮጥኩ። ስክሪኑ ላይ ከፈተው። ደግ ልጅ ነው፤ ሐዘኔን አይቶ ሊረዳኝ ፈለገ።

«ጋሽ ቸሩ፣ ይሄ ጥላ አበላሽቶታል። ላጥፋልዎት? ደቂቃም አይፈጅ።»

ጮህኩበት። «እንዳትነካው! ጥላውን አታጥፋው! እሷ እኮ እሱ ናት!»

ደነገጠ። ከዚያ ገባው። እጁን ከማውሱ ላይ አነሣ። ሁለታችንም እዚያው አለቀስን። ሁዘይፋ፣ እዚያ ጋ ቆመሃል፣ ይቅር በለኝ። የጮህኩት በአንተ ላይ አልነበረም።

ፎቶውን ስሰጣት ሙሉነሽ የራሷን ፊት አላየችም። ጣቷን ጭኗ ላይ ባረፈው ጥላ ላይ አደረገች። ፀጉር እንደሚደባብስ ሰው ደባበሰችው። «መጣች» አለች። ይኸው እስካሁን አለቀቀችውም።

ቤታችሁ ስትገቡ፣ ሜቲ ያነሣቻችሁን ፎቶ አውጡ። ፊታችሁን ተዉት፤ ታውቁታላችሁ። እግራችሁ ሥር እዩ። እዚያ አለች።

ሜቲዬ፣ የኔ ጥቁር ሴትዮ፣ ሳትጠሪ በየፎቶው የምትገቢ። «ስድን ያነሡኛል» ብለሽኝ ነበር። እኔም ሞኙ፣ ሦስት እስክትዪ ስጠብቅሽ ነበር። አንቺ ሦስትን መቼ ጠብቀሽ ታውቂያለሽ?

ወገኖቼ፣ ፀሐይዋ አሁን ከኋላችን ናት። ወደ መቃብሯ ተመልከቱ። የሁላችንም ጥላ እላይዋ ላይ ወድቋል። አደራ፣ አንድም ሰው ፈቀቅ እንዳይል። ብቻዋን እንዳትሆን።

እንዲሁ እንቁም። ፊታችንንም አንቀይር።

አንድ።

ሁለት።

ደህና ሁኚ፣ ልጄ።