ማን ቀድሞ ተነፈሰ?

ክቡራትና ክቡራን፣ ካፒቴን ይገረም፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አክብራችሁን የመጣችሁ ደንበኞቻችን፤ እንኳን ደህና መጣችሁልኝ። ይህን ግብዣ ያሰናዳችሁልኝን ሁሉ፣ በተለይ ከጠዋት ጀምራ አዳራሹን ስታስጌጥ የዋለችውን ተተኪዬን ሩሀማን፣ እጃችሁ ይባረክ እላለሁ።

ቦሌ ስንት የሚያምር ሆቴል እያለ «መርካቶ ካልሆነ አልመጣም» ያልኩት እኔ ነኝ። በርበሬ በረንዳ ተወልዳ ያደገች ሴት ሌላ የት ትሰናበት? በጉም ውስጥ አውሮፕላን የሚያሳርፈው ካፒቴናችን መኪና ማቆሚያ አጥቶ ሰፈሩን ሲዞር ነበር አሉ። አይዞህ ካፒቴን፣ እዚህ ሁሉም አንድ ቀን ይዞራል። በርበሬው ያስነጠሳችሁንም ይማራችሁ።

መቼም ታውቁኛላችሁ፣ ጠያቂ ነኝ። ካፒቴን ይገረም «ፋኢዛ ለምን» የሚል ስም አውጥቶልኛል። ሞተሩ ለምን እንዲህ ጮኸ? ጆሮዬ ለምን ተደፈነ? የበረራ አስተናጋጅነት ሥልጠና ላይ ዝግ ክፍል ውስጥ አስገብተው አየሩን ሲቀንሱብን እንኳ፣ ሌሎቹ ሲጨነቁ እኔ ጓጉቼ ነበር። ወረቀት ሰጥተው «ስምሽን እየደጋገምሽ ጻፊ» አሉኝ። ዘና ብዬ፣ ፈገግ ብዬ ጻፍኩ። የኦክስጅን ማስክ አድርገውልኝ ወረቀቱን ሳየው፣ ወይ ጉድ! ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ከጽሕፈቱ ይልቅ የገረመኝ ግን ደስ ብሎኝ መቆየቱ ነው። ሰው አየር እያለቀበት እንዴት ደስ ይለዋል? ይኸው ጡረታ ወጣሁ፣ አሁንም ይደንቀኛል።

ዛሬ የማወራችሁ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ስለሆነው በረራ ነው። «እስቲ ንገሪን» ስትሉኝ ስሸሻችሁ ከርሜያለሁ። ምን ላድርግ? ምርመራው እስኪያልቅ ያየሁትን ከመርማሪዎቹ በቀር ለማንም እንዳልናገር ቃል ገብቼ ነበር። ባለፈው ሳምንት ምርመራው አለቀ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሁለቱ አባቶችም «በሰው ፊት ተናገሪው» ብለውኛል።

ለማታውቋቸው ላስተዋውቃችሁ። በቀኝ በኩል ሀጂ ጠይብ ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ጨርቅ በጅምላ የሚያከፋፍሉ። አጠገባቸው ያሉት ጋሼ ደመቀ ናቸው፤ ጎጃም በረንዳ የቅቤና የማር መጋዘን አላቸው። ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አይለያዩም። ያን ቀን አንድ ፋብሪካ ሊያዩ ዱባይ ሲሄዱ ነው ልጆቻቸው የእኛን ትንሿን ጄት የተከራዩላቸው።

ገና መሰላሉ ሥር ነው የጀመሩት።

«ግባ እንጂ ጠይብ።»

«አንተ ታላቄ ቆመህ? ወላሂ አላደርገውም!»

«በሞቴ ግባ!»

«ደመቀ፣ አታስቸግረኝ!»

ረዳት አብራሪያችን ሶሊ አንገቱን ብቅ አድርጎ «እትዬ ፋኢዛ፣ መነሻ ሰዓታችን እኮ አለፈ» እስኪለኝ ድረስ ተገፋፉ። እኔም ሳቅኩ። ማናችን ነን በር ላይ እንዲህ የማንሆነው?

አፋር ላይ ስንደርስ ሻይ ልቀዳላቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ድንገት የበሩ ማሸጊያ ጎማ ተቀደደ። ኃይለኛ የአየር ጩኸት፣ ጆሮ የሚበሳ ሕመም፣ ከዚያ ካቢኑ በአንድ ጊዜ ጉም ለበሰ። ብርዱ፣ አይጣል ነው! ማስኮቹ ከጣሪያው ወረዱ። ካፒቴን ይገረምም የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ደፋው። ተሳፋሪ «ወደቅን» ይላል፤ እሱ ግን ሆን ብሎ፣ መተንፈስ ወደሚቻልበት ከፍታ እየወሰደን ነበር። እዚያ እስክንደርስ ድረስ ሕይወታችን ያለው በማስኩ ውስጥ ነው። በዚያ ከፍታ ያለ ማስክ ሰው ራሱን የሚያውቀው ለጥቂት ቅጽበት ብቻ ነው።

ታዲያ ሁለቱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ትይዩ ነው የተቀመጡት፣ መሐላቸው ጠረጴዛ አለ። ለየራሳቸው ማስክ ወርዶላቸዋል። ሀጂ ጠይብ የራሳቸውን ይዘው ወደ ጋሼ ደመቀ ዘረጉ። ጋሼ ደመቀም የራሳቸውን ይዘው ወደ ሀጂ ጠይብ ዘረጉ። «በሞቴ!» «ወላሂ!» እዚያም ላይ! ሁለት ማስክ አየር ላይ ተዘርግቶ የሚያደርገው ሰው ጠፋ። በሌላ አገር ሰው ፈርቶ፣ ደንግጦ ይሳሳታል፤ እኛ በጨዋነት እንሳሳታለን።

መትረፋችንን ታውቃላችሁ፤ ጅቡቲ አረፍን። ጋሼ ደመቀ ሆስፒታል ሰንብተው በሰላም ተመለሱ። የማታውቁት ከዚያ በኋላ ሀጂ ላይ የደረሰውን ነው።

አንድ ቀን እንደ ልማዴ ልጠይቃቸው ሱቃቸው ሄድኩ። ያን ቀን በልባቸው ምን እንደነበረ ማወቅ ፈልጌ ነበር። እኔ ሳልጠይቅ እሳቸው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ስነቃ ማስኩ ፊቴ ላይ ነበር። ደመቀ ደግሞ ተዝለፍልፎ ነበር። እኔ ቀድሜ ተንፍሼ ይሆን?»

ምን ልበላቸው? ቃል ገብቻለሁ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ግን እንደ መልስ ወሰዱት፤ ፊታቸው ላይ አየሁት። የሱቅ ጎረቤቶቻቸው ደግሞ «ሀጂ፣ በአየር ላይ ጨከኑ አሉ!» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ክፋት የለውም፣ የመርካቶ ጨዋታ ነው። እሳቸው ግን እየሳቁ ይቆስሉ ነበር። ከጋሼ ደመቀ ጋር ሲገናኙ እንኳ ቀና ብለው ማየት ትተዋል ብላ ልጃቸው ነግራኛለች።

እንግዲህ ያየሁትን ልናገር። ሀጂ ጠይብ፣ ይስሙኝ።

እኔ ከእርስዎ አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ላይ ወደቅኩና በሥልጠናው መሠረት መጀመሪያ የራሴን ማስክ አደረግኩ። ቀጥሎ በእጅዎ የያዙትን ማስክ እምቢ እያሉኝ፣ እንደ ጉርሻ በግድ ፊትዎ ላይ አደረግኩልዎ። ስለዚህ አዎ፣ እርስዎ ቀድመው ተነፈሱ። ያስቀደምኩዎ ግን እኔ ነኝ። የቀረቡኝ እርስዎ ነበሩ።

ከዚያ ወደ ጋሼ ደመቀ ዞርኩ። እጃቸው እንደተዘረጋ ነው፣ ከንፈራቸው ጠቁሯል፣ ፈገግ ብለዋል። ያ ፈገግታ ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ተዘረጋሁ፤ የማስኬ ቱቦ አጥሮ ያዘኝ። ማስኬን ባወልቅ ደግሞ እኔም እዚያው እወድቃለሁ፣ ያኔ ለሁለታችንም ደራሽ የለም። አለቀ አልኩ። ወላሂ፣ አለቀ ነው ያልኩት።

በዚህ መሐል ጠረጴዛውን ተሻግሮ አንድ እጅ ሄደ። የእርስዎ እጅ ነው ሀጂ። ዐይንዎ በደንብ አልተገለጠም። ከጋሼ ደመቀ ጣቶች መሐል ማስኩን ፈልቅቀው አወጡና አፍና አፍንጫቸው ላይ ደፉት፤ አውሮፕላኑ ቀና እስኪል ድረስም ይዘውት ቆዩ። እኔ አልነካሁትም። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ያደረገውን ለምን እንደማያስታውስ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር። ሰውነት ሲነቃ ትውስታ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል አለኝ። ጋሼ ደመቀ ራሳቸውን ስተዋል፣ አብራሪዎቹ ከፊት ናቸው። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሀጂ፣ እርስዎ ያኔ ቀድመው ባይተነፍሱ ኖሮ ዛሬ ከጎንዎ ያለው ወንበር ባዶ ነበር።

እ... ጋሼ ደመቀ፣ ቆይ ልጨርስ፣ ይቀመጡ... እሺ፣ እሺ ይሂዱ፣ ይሳሟቸው። ካፒቴን፣ መሐረብ አለህ? እኔን ደግሞ በርበሬው ነው በሉኝ።

ባልደረቦቼ፣ የወጣው ሁሉ በሰላም ይግባላችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ እናት አባቶቻችሁ ዕድሜ ይስጣቸው፣ በክፉ ቀን ደራሽ አያሳጣችሁ። ሩሀማ፣ ከነገ ጀምሮ ተሳፋሪው ያንቺ ነው። ስታስረጂያቸው የመመሪያውን ንግግር ከጨረስሽ በኋላ ከእኔ አንድ ቃል ጨምሪላቸው፦ ቀድማችሁ ተንፍሱ፤ የምትወዱት ሰው እጃችሁን ይፈልገዋል።