ሞረድ የቀመሰች ሜሞሪ

«ምነው ሙፊዬ፣ ይቺ ዝናብ ዘንድሮ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የቸኮለችው? ፋሲካ ካለፈ ገና ሁለት ሳምንት እንኳ በቅጡ አልሞላው… ተቀመጪ እስቲ፣ ወንበሩ ደረቅ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው? ጎመኑስ እንዴት ያዘልሽ? የኔን ትል ጨረሰው። አንድ ቅጠል አላስቀረልኝም፣ ብታምኚኝ…»

እትዬ ገዲሴ ነገር ሲጀምሩ ሁልጊዜ ከዝናብና ከጎመን ነው። ከሀና ማርያም ቁልቁል ያለው ሰፈር ሁሉ ይህን ያውቃል። የእሳቸውን ጎመን ትል በላው ከተባለ፣ ቀጥሎ የሚበላው ሰው ነው።

ሲራክም ያውቃል። ሳሎኑ ውስጥ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ካቻቢቴውን እንደያዘ ክው አለ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ እትዬ ገዲሴና ጎረቤታቸው ሙፊዳ የተቀመጡት በረንዳው ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር ነው። ፊት ለፊቱ ሆዱ የተከፈተ ኮምፒውተር ተዘርግቷል። ኮምፒውተሩ የአቶ ዱጉማ ነው፤ በዚሁ ቤት አብረዋቸው የሚኖሩት የእትዬ ገዲሴ ታናሽ ወንድም የአቶ ዱጉማ። ሲራክ የሚወዳት ሚካል ደግሞ የአቶ ዱጉማ ልጅ ናት። ነገ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የሲራክ ሽማግሌዎች ሚካልን ለመጠየቅ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩ የጨሰው ዛሬ ጠዋት ነው።

ነገሩ የተጀመረው በደግ ልብ ነበር። አቶ ዱጉማ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና ከአሰብ አዲስ አበባ የተመላለሱ ሾፌር ናቸው። ጉልበታቸው ፍሪሲዮን መርገጥ ሲያቅተው ቤት ዋሉ፤ ቤት መዋል ደግሞ ከበሽታው ባሰባቸው። ሚካል የምትሠራበት መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን ለሠራተኛ ሲሸጥ፣ አንዱን ገዝታ የመኪና እሽቅድድም ጌም አስጭና አመጣችላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ቁርስ በልተው፣ የሾፌር ኮፍያቸውን አድርገው ይነዳሉ። ኩርባ ላይ ሰው አይቀድሙም። ድልድይ ሲደርሱ ፍጥነት ይቀንሳሉ። ሁልጊዜም መጨረሻ ነው የሚወጡት፤ ግን ደስ ብሏቸው ነው የሚነሱት። ኮምፒውተሩ አቅም አልነበረውምና መኪናዋ ቆም እያለች ስትሄድባቸው «ነዳጅ አይደርሳትም» ይሉ ነበር። ሳሪስ ጋራዥ የሚሠራው ሲራክ ይህን ሰምቶ «እኔ እያለሁ አባባ? ባለችው ብር አዲስ አደርጋታለሁ» አላቸው።

«…ጎመኑን ተይው» አሉ እትዬ ገዲሴ። «ዘመኑ የባለሙያ ነው፣ ሙፊዬ። እኛ ምን እናውቃለን? አንድ ሰው አለ፤ አንቺ አታውቂው ይሆናል… አሮጌ ኮምፒውተር አዲስ የሚያደርግ። ዕቃ ሲመርጥ ብታዪው ትገረሚያለሽ። ብሩ ትንሽ ነው፤ ሁሉን አይገዛም። ታዲያ በትንሽ ብር ምን ይቀድማል? አንቺ ነጋዴ ነሽ፤ እስቲ ፍረጂ። እሱ መጀመሪያ ሳጥኑን ገዛ። ቁመቱን አይተሽልኛል? በበሩ ሲገባ ቁም ሳጥን መስሎኝ ‹ልብሱስ የታለ?› ብዬ ጠየቅሁ። ከፊቱ አረንጓዴ መብራት አለው። ቀጥሎ ስፒከር ገዛ። ሁለት፣ እንዲህ እንዲህ የሚያካክሉ! ለሰርግ ይበቃሉ… ሰርግ ካለ ማለቴ ነው።

«ውስጡ? ውስጡማ ያው የድሮው ነው። ዱጉማ ምን አለኝ መሰለሽ? ‹ገዲሴ፣ ካቢናው አዲስ፣ ሞተሩ የድሮው› አለኝ። ተቆጣሁት! ሰው የሚያየው ካቢናውን አይደል እንዴ? እኛስ ብንሆን ‹ግባ፣ ተቀመጥ፣ ምሳ ብላ› የምንለው ካፖርቱን አይተን አይደል? ሞተሩ የሚሰማው እኮ በኋላ ነው… ዳገት ላይ።»

ሲራክ ጆሮው ሲግል ታወቀው። ተነስቶ መስኮቱን እንዳይዘጋ፣ ሰምቻለሁ ማለት ይሆናል። ወጥቶ «እኔን ነው?» እንዳይል ደግሞ ይባስ። የአሽሙር ክፋቱ ይኸው ነው፤ የመለሰ ሰው ስሙን በገዛ አፉ ጠራ ማለት ነው። ስለዚህ አንዱን ብሎን ፈታ፤ መልሶ አሰረው። ፈታ፤ አሰረው።

«ሚካልዬ ደግሞ ገና ልጅ ናት፤ ባለሙያ እንዴት እንደሚከበር አታውቅም። መሥሪያ ቤቷ አንድ የሚያውቅ ሰው ጠይቃ፣ በወረቀት አስጽፋ አመጣች። ‹ብር ካነሰ መጀመሪያ ሜሞሪ፣ ቀጥሎ ሥዕሉን የሚያወጣው ካርድ፤ ሳጥኑ ባለበት ይቆይ› ይላል። ሜሞሪ የሚሉት ያቺ ጣት የምታህለው ነገር ናት፤ አንቺ ያመጣሻት። እንደው ምን ትሠራለች ብለሽ ነው? መብራት የላት፣ በር የላት፣ ሰው ሲገባ አትታይ! ባለሙያው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? የእሱ ሙያ ልቡ ውስጥ እንዴት ተመችቶት ተቀምጧል መሰለሽ… ወደ እጅ ውረድ ቢሉት አሻፈረኝ!»

ከጓዳ የሳቅ ድምፅ መጣ። ሚካል ናት፤ አፏን በእጇ አፍና ነው የሳቀችው፤ ሲራክ ያንን ሳቅ ከሺህ ሳቅ ይለየዋል። ወረቀቱ አሁንም ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አለ። ሳያነበው ቀርቶ አይደለም። ሁለት ጊዜ አንብቦታል። ግን አማች ለመሆን የሚመጣ ሰው፣ የአማቱን ቤት በማይታይ ነገር እንዴት ያስደስታል? ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ያ ረጅም ሳጥን ጥግ ላይ ቆሞ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ እንዲቀበላቸው ነበር ያሰበው። አሁን ሲያስበው አፈረ።

«አንቺስ ዱባይ ስትሄጂ፣ በተረፈችው ሳንቲም እንድታመጪ ከባለሙያው ተጽፎ ተሰጥቶሽ የለ?» ቀጠሉ እትዬ ገዲሴ። «ምን ነበር የሚለው? … ‹ሜሞሪ። ትልቁን።› በቃ! እኔ ሽንኩርት እንኳ ሳዝዝሽ ቀዩን፣ መካከለኛውን፣ ያልበቀለውን ብዬ ነው። አዋቂ ግን ቃል አያበዛም። አንቺም የታዘዝሽውን ትልቁን ፈልገሽ፣ በሕፃናት ልብስ መሐል ጠቅልለሽ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቀሽ አመጣሽ። ምን ያደርጋል፣ አልገጥም አለች። ሰፊ አይደለም እኮ፤ የምላጭ ያህል ነው ያልገጠመችው። እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ‹አልሆነችም፤ ሙፊዳ በሚቀጥለው ትመልሳት› አይልም? ይላል። ፈሪ ነዋ! ደፋር ሰው ግን ከኪሱ ሞረድ ያወጣል።»

የሙፊዳ ወንበር እግር ሲጮህ ተሰማ።

ሳሪስ ጋራዥ ውስጥ ሞረድ ማውጣት ነውር አይደለም። የፊያቱ ለቶዮታው፣ የቶዮታው ለላዳው፣ ያልገጠመው ተሞርዶ ይገጥማል፤ ሞዲፊክ ይሉታል፤ የሚያውቅበትም ይከበራል። ሲራክ ስምንት ዓመት ሙሉ እንጀራ የበላው በዚህ ነው። ጠዋት ሜሞሪዋ ጠርዝ ላይ ያለችው ክፍተት ከማስገቢያው አልገጥም ስትለው፣ እጁ ከጭንቅላቱ ቀድሞ ሞረዱን አወጣ። ሦስት ጊዜ ሞረዳት፤ ገባች። አቶ ዱጉማ ኮፍያቸውን አድርገው ወንበራቸውን አስጠግተው ይጠብቁ ነበር። ማብሪያውን ሲጫነው ቀጭን ጭስ ወጣ፤ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፤ ከዚያ ወዲያ ኮምፒውተሩ ድምፅ አላሰማም። «ምን ሆነች?» አሉ አቶ ዱጉማ። ያኔ ነው ሲራክ የዋሸው። «የዱባይ ዕቃ እኮ ነው አባባ፤ ፎርጅድ ሰጥታን ነው» አለ። ሙፊዳ በቦታው አልነበረችም። መዋሸቱ የቀለለውም ለዚህ ነበር።

«እጁ ግን ወርቅ ነው፣ ሙፊዬ። ውሸቴን አይደለም። ጠዋት ጠረጴዛውን ስጠርግ፣ በጨርቄ ላይ ቢጫ ብናኝ፣ ወርቅ የመሰለ፣ ተጣብቆ ወጣ። ምንድን ነው ብዬ ለሚካልዬ ባሳያት፣ ልጅት ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ አውቃታለሁ፤ እናቷንም ታስንቃለች። … ኋላ ላይ ገባኝ። ለካ ያቺ ፎርጅድ ዕቃ ተሞርዳ ነው ፎርጅድ የሆነችው!

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። ያቺስ ሞኝ ናት፤ የራሷን ነው የጣለችው። ብልህ ሰው የሰው ብብት ይጠቀማል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለውም ተረት እኮ አርጅቷል። ዛሬ አህያው ራሱ ነው ቆሞ ዳውላውን የሚከሰው… ሰምተሽ ታውቂያለሽ እንዲህ ያለ ሥልጣኔ? ወሬው ከምሳ በፊት ሰፈሩን ዞሮ የለ? አንቺንስ ዛሬ ሱቅሽ ድረስ መጥታ፣ የገዛችውን ጫማ ገልብጣ ‹ይሄም ፎርጅድ ነው?› ያለችሽ አለች አሉ። አይክፋሽ። እንዲህ ያለ አዋቂ ስምሽን ማንሳቱስ ቀላል ነው? ከስንት ነጋዴ መርጦ!»

ሙፊዳ በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ስትጠርግ ሲራክ በመስኮቱ አያት። እንዲያያት አስባ አልነበረም። ከንፈሩን ነከሰ። እስካሁን ያሳፈረው የሚካል ሳቅ ነበር፤ አሁን ግን የሙፊዳ እንባ ነው። ሴትዮዋ ዕቃ በሻንጣ ተሸክማ እየተመላለሰች አራት ልጅ የምታሳድግ ናት።

«ዱጉማ? ተኝቷል። ከጠዋት ጀምሮ። የአሰብ መንገድ ላይ ገደል አፋፍ ጎማ ፈንድቶበት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ያለ ውሃ ቆሞ፣ ሲመጣ እየሳቀ ነበር የነገረን። ዛሬ ግን ኮፍያውን ምስማር ላይ ሰቅሎ ግድግዳውን አይቶ ተኛ። አልተቆጣም። ባለሙያውን አንድ ቃል አልተናገረውም። ‹ልጁ ደክሞልኛል፤ ምን ያድርግ፣ ዕቃው ነው› አለኝ። አመነዋ! እኔም ተውኩት፤ የሰው እምነት ማፍረስ ኃጢአት ነው… አይደል?

«እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ትዳር ቢይዝ እንዴት ያምርበታል! ወጡ ቢያር ምድጃው ፎርጅድ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ዝናቡ ፎርጅድ ነው። ልጁ ቢያለቅስ… ልጁ! ቤቱ ሁሌ ሰላም ነው፤ ጥፋተኛው ሁሌ ውጭ ነዋ። ሚስቱም የምላጭ ያህል አልገጥም ብትለው አትጨነቅ፤ መላ አያጣላትም።»

ሲራክ ካቻቢቴውን አስቀመጠ። ጓዳው በር ላይ ሚካል ቆማለች፤ አሁን አትስቅም። ዓይኗ እሱ ላይ ነው፤ የምትጠብቀው ነገር ምን እንደሆነም ገብቶታል። ወጥቶ «እኔ ነኝ፤ የሞረድኳት እኔ ነኝ፤ የሙፊዳ ዕቃ ደህና ነበር» ካለ፣ አሽሙሩን ሁሉ በገዛ ራሱ ላይ ይጭናል፤ ነገም ሽማግሌዎቹ ፊት ይነሳል። ካላለ ደግሞ ሙፊዳን ቀና ብሎ የሚያይበት ዓይን አይኖረውም። ሞረዱን ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥቶ ያዘ። ወደ በረንዳው ወጣና፣ ሙፊዳ ፊት ቆሞ አፉን ከፈተ።

«ውይ፣ እዚህ ነበርክ እንዴ ልጄ?» አሉ እትዬ ገዲሴ፣ ፊታቸው በፈገግታ ተሞልቶ። «እኛ እኮ የለም ብለን፣ ስለ አንድ የማታውቀው ሰው ስናወራ… አይ፣ አይ፣ አንተን አይመለከትህም፤ ምን አደከመህ? ምንም አትበል። ምርቃት ላይ ደርሰናል፤ ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም፣ እናትህ አስተምራሃለች። ያንን ጣለውና እጅህን ዘርጋ። ሙፊዬ፣ አንቺም ዘርጊ።»

ሲራክ ያደገው በሥርዓት ነው። ሞረዱን መሬት አስቀምጦ፣ አፉን ዘግቶ፣ ሁለት መዳፉን ዘረጋ። ከኋላው ሚካል በሩ ላይ ቆማ እንደምትሰማ ያውቃል።

«እግዜር ያንን ሰው ዕድሜ ከጤና ይስጠው። የእጁን ሥራ ይባርክለት። ከክፉ ዓይን ይሰውረው። መልካሟን ሚስት፣ ታጋሿን፣ ያለውን ሁሉ የምታምነውን፣ ካለችበት አገር ፈልጎ ያምጣለት። ሩቅም ብትሆን መንገዱን ያሳጥርለት። ነገም ሽማግሌዎቹ ደጅ ተሳስተው እዚህ እንዳይደክሙ፣ መልአኩ መርቶ እሷው ቤት ያድርሳቸው… አሜን በል እንጂ፣ ልጄ።»