ቆርቆሮ ዋስ አይሆንም

ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ያረጀው ጆሮዬ ነው እንጂ አፌስ ደህና ነው። ግንቦት ነበር፣ ገበሬው ሁሉ ለክረምቱ እርሻ በሬ ሲያፈላልግ። ቁይ ገበያ እንቁላሌን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ ጎረቤቴ ደምሌም በሬውን ሊሸጥ አቁሟል። ለእሑድ የልጁ ሠርግ ድንኳን የሚከራየው በበሬው ዋጋ ነው። አንድ የደጀን ሰው መጥቶ በሬውን ዞሮ አየው፣ ጥርሱን ገልጦ አየው፣ ወደደው። «በል ዋስ ጥራ፤ የተሰረቀ እንዳይሆን» አለው።

ደምሌ ሳቀ። «እኔን? ሁለት የቆርቆሮ ቤት ያለኝን?»

«እንግዲያው ቆርቆሮው ዋስ ይሁንህ!»

ደምሌ ዞር ዞር ቢል፣ የአገሩ ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ የገዛ ጫማውን አቧራ ያራግፋል። እዚያው አጠገቡ ሸማኔው አያ ጫኔ ከሲታ ላሙን ሲሸጥ ግን «እኔ ዋሱ ነኝ» ብሎ የተነሣው አራት ሰው ነው። እግሩ ላይ የረባ ጫማ የለውም እኮ!

በመጨረሻ ደምሌ ወደ እኔ መጣ። «እሜቴ፣ እርስዎ ያውቁኛል።»

«አሳምሬ ነዋ! አምና በጌን ይዘህ ‹በታቦቱ፣ የኔ ናት› ብለህ ስትምል ነው ያወቅሁህ። ባላውቅህ ኖሮ ዋስ እሆንህ ነበር፣ ልጄ።»

ገበያተኛው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

የደጀኑ ሰው ሌላ በሬ ገዝቶ ሄደ። የደምሌም ድንኳን ቀረና ሠርጉ በቅጠል ዳስ ሆነ፤ ያንኑ በሬ አርዶ ደገሰ። እኔም ተጠርቼ በላሁ። አሁን ለበሬው ዋስ ሁኚ ብትሉኝ እቆማለሁ፤ ሥጋው ግሩም ነበር።