አርባ ሁለት ደረጃና አንድ ቁም ሳጥን

አናጢውን ጎረቤቴን ያን ቀን ፀጉር ቤት ባላገኛቸው ኖሮ፣ በሰው ኮት ባለመርከብ ባልሆንኩ ነበር።

ወረፋ ስንጠብቅ ጉዳቸውን አጫወቱኝ። ቤታቸው አርባ ሁለት ደረጃ ላይ ነው፤ ጉልበታቸው ግን ደረጃ እምቢ ብሏል። ሸጠው ምድር ቤት ካልገቡ ሕመሙ እንደማይለቃቸው ሐኪሙ ነግሯቸዋል። አንዲት ነርስ ቤቱን ወዳዋለች። ሆኖም ሁለት ሳምንት ሙሉ “እርስዎ ይጥሩ”፣ “አንቺ ጥሪ” ሲባባሉ ከሁለቱም አፍ ዋጋ አልወጣም። ስለዚህ ነገ ስትመጣ ሀብታም ገዢ መስዬ ዋጋውን እንዳስወድድላቸው ለመኑኝ። ለእንዲህ ያለው ሥራ እኔን መለመን አያስፈልግም፤ ሰዓቱን መንገር ይበቃል።

ኮት ተውሼ ሄድኩ። ሦስት መርከብ እንዳለኝ፣ አንደኛዋም ከርዝመቷ የተነሳ ኋላዋ ወደብ ሳይለቅ ፊቷ ማዶ እንደሚደርስ ተረክሁ። ከዚያ ቤቱን በዘጠኝ መቶ ሺህ ወሰድኩት፤ ለመርከበኞቼ ጫማ ማስቀመጫ።

ነርሷ ቦርሳዋን አነሳች። “እንኳን ደስ ያለዎት። እኔ እዚያ አልደርስም” ብላ ወረደች።

አናጢው እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ኪሴ ውስጥ ያለው የአውቶቡስ ትኬት ብቻ ነበር፤ እሱም ኮቱን ልዋስ የሄድኩበት።

የሕንፃ ትምህርት የጨረሰችው የእህታቸው ልጅ ጓዳ ሆና ሁሉን ሰምታ ኖሮ ወጣች።

“አጎቴ፣ ቤቱን ለማን ሸጡት?”

“ለኮት” አሉ ተበሳጭተው። “ምን ላድርግ ታዲያ? ቀድሞ የጠራ ይሞኛል፤ ስንኖር የኖርነው እንዲህ ነው።”

“የሚሞኘው ሳያውቅ የጠራ ነው። እዚሁ መንገድ ላይ ሰሞኑን የተሸጡትን ጠይቄያለሁ። የእርስዎ ሰባት መቶ ሰማንያ ሺህ ያወጣል፤ ለግድግዳው ስንጥቅ ሠላሳ ይቀነሳል።”

“ስንጥቁን ማን አየው? ቁም ሳጥን ገትሬበታለሁ።”

“የመስኮቱን እኩሌታ ጋርዶ! ነርሷ እኮ ባለፈው በር ላይ ‘ብርሃን የጠላው ማነው?’ ብላ ጠይቃኛለች። ከኋላው ያለውን እስኪነግሯት ነው ዋጋ ያልጠራችው።”

“አናጢ ሆኜ ቤቴ ተሰንጥቋል ልበል?”

“ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ አያልፍም፤ ለክቼዋለሁ። የደበቁት ስንጥቅ ግን ገዢ ልብ ውስጥ እስከ መሠረቱ ይወርዳል።”

ሽማግሌው ጉልበታቸውን እያሹ ቁም ሳጥኑን አዩት። እኔም ምክር ልጨምር ብዬ ነበር፤ ሦስት መርከብ ያለው ሰው ስለ እውነት ሲናገር ስለማያምርበት ተውኩት።

በማግሥቱ ነርሷን አስጠርተው ቁም ሳጥኑ አጠገብ አቆሟት።

“ሲስተር፣ የትናንቱ ሰውዬ መርከብ ቀርቶ ጃንጥላ የለውም። ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ይቅር በይኝ። ከዚህ ኋላ ስንጥቅ አለ። ዋጋዬ ሰባት መቶ ሃምሳ ነው።”

ቁም ሳጥኑን አስነስታ ስንጥቁን በጣቷ ተከተለችው፤ ልኩን ከልጅቷ ወረቀት ላይ አነበበች። ሰባት መቶ አርባ አለች። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ሊቆጡ ቃጥቷቸው ነበር፤ ሳቃቸው ቀደመ። አርባ አምስት አሉ፣ የተጣመመውን በር እሳቸው ሊያቃኑላት። ተጨባበጡ።

ሁለት ሳምንት ያልጨረሰውን ሩብ ሰዓት ጨረሰው። እውነቱን ቀድሞ የተናገረ ሻጭ ገዢውን አላባረረም፣ ስሙንም አላጎደፈም፤ ገዢዋም ከገባች በኋላ የምትረግመው ሰው የላትም። ጎረቤቴ ይህን ዛሬ ለሚሸጥ ሁሉ ይመክራሉ፣ ያውም የራሳቸው ሐሳብ አስመስለው።

ቁም ሳጥኑን ግን አርባ ሁለቱን ደረጃ ተሸክሜ ያወረድኩት እኔ ነኝ፣ በዚያው ኮት። አናጢው አዲሱ ምድር ቤታቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ይጠብቁኝ ነበር።

“ቀስ፣ ባለመርከቡ” አሉኝ። “ወደብ ደርሰሃል።”