ባለ ላባው ዘበኛ

በ፲፱፻፳፱ ዓ.ም.፣ የየካቲቱ ግድያ ጋብ ሲል፣ አባቴ አቶ ደበላና እኔ ባዶ እጃችንን ወደ ጉለሌ ስንመለስ የጎረቤታችንን ልጅ ሙሉእመቤትን መንገድ ላይ አገኘናት። የወንድሜ የለሜሳ ሬሳ ከታች ካለው ድልድይ ሥር ወድቋል፤ የጣሊያን ዘበኛ ግን አላስጠጋ ብሎናል።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ አባባ» አለች አንገቷን ደፍታ።

«በምን ልጽና? ጋቢውን ዘርግተን እናለቅሳለን። ሬሳው የጠፋ ሰው ወግ ይኸው ነው።»

«የለሜሳ መች ጠፋ? ዘበኛው ባርኔጣው ላይ ላባ የሰካው ነው?»

«እሱ ነው፤ ምን ልትይ ነው?»

«ውሃ ስቀዳ ሰምቼዋለሁ፤ ከጓደኛው ጋር የሚያወራው በጀርመንኛ ነው። እስቲ ልለምነው።»

ሙሉእመቤት ያደገችው በጀርመኖች ሚሲዮን ቤት ነበር። አባቴ ይህን አይወድላትም።

«ጾምሽን አስረስተው ያስያዙሽ ቋንቋ ለሬሳም ይበጃል? ጣሊያን ጣሊያን ነው! ጀርመንኛ ያለው ጀርመን አገር ነው።»

«ጾሜንስ አልረሳሁም» አለች። «ጀርመንኛ ግን ኦስትሪያም ይነገራል፤ በስዊስ ተራሮችም፤ ባሕር ተሻግረው ብራዚል የሚያርሱ አሉ፤ በአፍሪካችን ደቡብም ሰፍረዋል። በጣሊያን ሰሜን ያሉት ደግሞ ካለፈው ታላቅ ጦርነት በኋላ አገራቸው ለጣሊያን የተሰጠባቸው ናቸው። ልጆቻቸው ተማሪ ቤት ገብተው በእናታቸው ቋንቋ እንዳይማሩ ተከልክለዋል።»

«ተረት!»

«እርስዎስ? ኦሮምኛ የሚነገረው ጉለሌ ብቻ ነው?»

አባቴ ቆመ። በወጣትነቱ ከብት ሊነግድ ቦረና ወርዶ ነበር። «ሞያሌ ላይ» አለ ቀስ ብሎ፣ «የእንግሊዝ ልብስ የለበሰ ዘበኛ በኦሮምኛ አናገረኝ። ከብቶቼን ያሳለፈልኝ እሱ ነው።» ከዚያ ዞር ብሎ መንገዱን ወደ ታች ጀመረው።

ሙሉእመቤት ገና ሰላምታ ስትሰጥ ዘበኛው ደነገጠ። ብዙ ተነጋገሩ። በመጨረሻ ባርኔጣውን አውልቆ ጀርባውን ሰጠን፤ እንጦጦን ያይ ጀመር።

«አንሡት» አለችን። «ቶሎ በሉ ብሏል።»

አባቴ ልጁን ተሸከመ። ዘበኛውን አላመሰገነውም፤ እኔም እስከ ዛሬ አላመሰገንኩትም። የእናቱን ቋንቋ የነጠቁትን እያገለገለ ጠመንጃ ይዞ አገራችን መጥቷልና።

ለሜሳ ፍትሐት ተደርጎለት ተቀበረ። ከቀብር ስንመለስ አባቴ ሙሉእመቤትን ጠራት።

«ዓለምነሽን አስተምሪልኝ» አላት እኔን እያመለከተ።

«ጀርመንኛ?»

«ፊደሉንም፣ ጀርመንኛውንም፣ ያለሽን ሁሉ። ቋንቋ እንደ ወንዝ ነው ለካ፤ ነገሥታት ያሰመሩትን ድንበር አያውቅም። ልጄን አልመለሰልኝም፤ መቃብር ግን ሰጠኝ። ይህንንም ያጣ ስንት አባት አለ!»

ሙሉእመቤት ፊደል አስቆጠረችኝ፤ የቀረውን ራሴው ለቃቀምኩ። ልጆቻችሁን ቋንቋ አስተምሩ የምለው ጌጥ ይሆናቸዋል ብዬ አይደለም። አባቴን በቅርቡ ስንቀብረው፣ ከልጁ ጎን የሚያርፍበት ቦታ ነበረው።